በሽማግሌ የተቆረጠ የበረራ ሰዓት

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት በስምሪት ሠራተኛነት ያገለገሉት አቶ ታረቀ መንገድን በኪሎ ሜትር የሚናገር ሰው አይጥማቸውም። «ኪሎ ሜትር የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይጻፋል፤ ሰው የሚደክመው ግን በሰዓት ነው» ይላሉ። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ዛሬም በደጃቸው የሚያልፍ ጎረቤት «ሉማሜ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅብኛል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ በምን መኪና እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚነዳው፣ ቀኑም የገበያ ቀን መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ አይመልሱም። አንዳንዱ ጠያቂ ምርመራው እስኪያልቅ መኪናው ያመልጠዋል። መልሱ ግን አይስትም።

ይህን ሁሉ እውቀት ያካበቱት ሳይጓዙ መሆኑ ነው ጉዱ። አቶ ታረቀን መኪና ያዞራቸዋል። ሎሚ ይዘው፣ ፌስታል ይዘው፣ መስኮት ዳር ተቀምጠው እንኳ ሉማሜ ሳይደርሱ ፊታቸው ይገረጣል። አዲስ አበባን በሕይወታቸው ያዩት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ያኔ አጠገባቸው የተቀመጡ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያገኟቸው መጀመሪያ የሚጠይቋቸው ስለ ሆዳቸው ነው። የሰዓቱን ነገር ያወቁት በስልክ ነበር። አውቶቡስ ከመናኸሪያው በር ሲወጣ ደቂቃዋን ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ሉማሜ መንገድ ዳር ሻይ ቤት ላላት ሴትዮ ይደውሉና «አለፈ?» ይሏታል። የሾፌርን ቃል አይቀበሉም። «ሾፌር በፍጥነቱ ይኩራራል፤ ካረፈደ ደግሞ በትራፊክ ፖሊስ ያሳብባል። ሻይ የምታፈላ ሴት ግን ምን አገባትና ትዋሻለች?»

ይኸ የሰዓት ፍቅር እንዲያው የመጣ አይደለም። ታላቅ እህታቸው ወለተ ሰንበት ገና በልጅነቷ ከዓባይ ማዶ ለሩቅ ሰው ተድራ ሄደች። ስልክ የሌለበት ዘመን ነው። በሦስተኛው ዓመት በወሊድ ሞተች፤ መርዶው ማርቆስ የደረሰው ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነበር። እናታቸው መንገደኛ ባዩ ቁጥር «ስንት ቀን ነው መንገዱ? ብነሳ ስንት ቀን ይፈጅብኝ ነበር?» እያሉ ሲጠይቁ፣ ትንሹ ታረቀ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ ነበር። የሚመልስላቸው አልተገኘም። ያ ጥያቄ ታረቀን አልለቀቀውም፤ አድጎ፣ ተቀጥሮ፣ አግብቶ፣ አቶ ታረቀ ከተባለ በኋላ ሕግ አወጣ። አቶ ታረቀ ሴት ልጅ ቢወልዱ፣ ማለዳ ተነስተው በአንድ ቀን ከማይደርሱበት አገር አይድሩም። ማርቆስ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ የለም።

እግዜር ደግሞ ቀልድ ያውቃል። አንድ ሴት ልጅ ብቻ ሰጣቸው፤ እሷም፣ ሰገነት፣ የሆቴል ሙያ ተምራ ሞሪሸስ በምትባል የባሕር መሃል ደሴት ሥራ አገኘች። አቶ ታረቀ ሦስት ቀን እህል አልበላም አሉ። በአራተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው መደመር ጀመሩ። ከማርቆስ በማለዳ አውቶቡስ፣ በአዲስ አበባና በናይሮቢ በኩል፣ ሞሪሸስ እስኪደረስ ሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል ሲሉ ወሰኑ። ለድምሩ ያልተመቻቸውን የአውሮፕላን መጠበቂያ ሁሉ «መናኸሪያ መንገድ አይደለም» እያሉ ጥለውታል። ቀን ማለትም ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መግቢያ መሆኑ ቀርቶ፣ ከማለዳ እስከ ማለዳ ሃያ አራት ሰዓት ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑንም ለጠጥከው?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥላነሽ።

«ሕጉ ሕግ ነው። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ተርፎታል» አሉ አቶ ታረቀ፣ ወረቀቱን እያጠፉ። ልጅቷም ተመርቃ ሄደች።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያ አንዷለም መጣ። አንዷለም የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ጤፍና ከብት ያላቸው የተከበሩ ገበሬዎች ናቸው። እሱ ግን ከሞሪሸስ ባሻገር፣ ሮድሪገስ በምትባል ትንሽ ደሴት፣ የባሕር ውሃ ጨው እየተለየ የሚጠጣ የሚሆንበትን ማሽን ይጠግናል። ከሰገነት ጋር የተዋወቁት በዚያ አካባቢ ያሉ ጥቂት ሐበሾች ለፋሲካ ተሰባስበው ዶሮ ሲበሉ ነው። ወጡን የሠራችው ሰገነት ነበረች፤ የቀረው ነገር ብዙ አላስቸገረም። ከተጋቡ ሰገነት ወደ ትንሿ ደሴት ትሻገራለች። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ደግሞ ባሕር ብቻ ነው ያለው፤ የሚሄደውም ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን ነው። አቶ ታረቀ ይህን እንደሰሙ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ወረቀት ከሳጥን አወጡ። የተረፈው አንድ ሰዓት ተኩል ያው እዚያው ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሦስት ናቸው። ፊት የገቡት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም፣ በአማኑኤል የታወቁ የድጓ መምህር። ቀጥሎ አቶ አወቀ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። በመጨረሻ የልጁ አጎት አቶ ዘመነ፤ እኚህ ሰው አማኑኤል ውስጥ በድንበር የተጣላ ገበሬ ሁሉ ከፍርድ ቤት በፊት የሚጠራቸው አስታራቂ ናቸው። እንደ ደንቡ ከበሩ ገባ ብለው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ታረቀ፣ እንደማይቀመጡ እያወቁ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። ከዚያም በሚያምር ድምፃቸው ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም። ጠባዩ ተመሰከረ። ቁርባኑ፣ ሙያው፣ ለወላጆቹ ያሠራው የቆርቆሮ ቤት ተነሣ። አቶ ታረቀ ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ሁሉም መልካም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከደሴቲቱ እስከ ደሴቲቱ ስንት ሰዓት ነው?»

መሪጌታ ስንት ዓመት ሽማግሌ ሆነው ሲላኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። ግን ተዘጋጅተዋል። «አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ።

«የለም መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ አቶ አወቀ። መምህር ነበሩና ስሕተት ሲሰሙ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «እኔ በስልኬ አይቼዋለሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው።»

«እኔ ከልጁ ከራሱ አፍ ነው የሰማሁ።»

«እኔም ከአየር መንገዱ ከራሱ ነው ያየሁት።»

አቶ ታረቀ ዓይናቸው በራ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚወዱት ነገር ይኸ ነበር። «አውሮፕላኑ አንድ፣ ባሕሩ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት?» አሉ።

ይህን ጊዜ አቶ ዘመነ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ራመድ አሉ። ሁለት ሰዎች ሲለያዩ ምን እንደሚደረግ በደንብ ያውቃሉ። «አባቶቼ» አሉ፣ «ሁለታችሁም የተከበራችሁ ናችሁ፤ ሁለታችሁም አትዋሹም። መሪጌታ ትንሽ ከፍ ይበሉልን፤ አቶ አወቀም ለእግዜር ሲሉ ትንሽ ዝቅ ይበሉ። በመሃል ቆርጠን እንስማማ። አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይሁን።»

መሪጌታ እያቅማሙም ቢሆን «ለሰላም ሲባል» አሉ። አቶ አወቀም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሉ። የጎደለው ሳር በጥሶ መማማል ብቻ ነበር። ወይዘሮ ጥላነሽ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ግማሿን ደቂቃ ማን ይወስዳታል?» ብለው ጠየቁ አቶ ታረቀ። ቀጥለውም «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ኑ። እንመክርበታለን» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ወጡ።

በሩ ከመዘጋቱ ወይዘሮ ጥላነሽ ከጓዳ ወጡ፤ አሁን አይስቁም። «ለሰባት ደቂቃ ብለህ የልጅህን ትዳር ልታፈርስ ነው?»

«ሰባት ደቂቃ ተኩል» አሉ አቶ ታረቀ።

በማግስቱ ሰገነት ደወለች። ጥላነሽ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አባዬ» አለች ሰገነት፣ «አንተ እምቢ ካልክ አላገባም። ይህን አንዷለምም ያውቃል። አንተን አስለቅሼ አልዳርም።» ቀጥላም፣ «ግን እሺ ብትለኝ ደስ ይለኛል» አለች። አቶ ታረቀን ልጅቷ ብትጨቃጨቃቸው ይሻላቸው ነበር፤ ለጭቅጭቅ መልስ አያጡም። ቃሉ እንዲህ ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያደርጉትን አጡ።

ስለዚህ የሚያውቁትን አደረጉ። «ይለካ» አሉ።

ችግሩ በመሃል ሻይ ቤት የሌለ መሆኑ ነው። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ላይ «አለፈ?» ተብላ የምትጠየቅ ሴት የለችም። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ማለት ከማርቆስ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነው፤ ያን ያህል መንገድ ያለ ሻይ መኬዱን አቶ ታረቀ በሆዳቸው ይጠራጠሩታል። ሰገነት ግን መላ አመጣች። አንዷለም በሚቀጥለው ሳምንት የማሽን ዕቃ ሊገዛ ወደ ሞሪሸስ ይመጣና በማግስቱ ይመለሳል። ሲነሳና ሲያርፍ ይደውል።

«ነውር ነው!» አሉ አቶ ታረቀ። «ነገሩ ሳይቋጭ ከልጁ ጋር አልነጋገርም።»

«አታንሱታ» አለች ሰገነት። «ይደውልና ይዝጋው። ለእማዬ ስልክ።»

አቶ ታረቀ ነገሩን ከደንብ አንጻር ሲመረምሩት ቆይተው፣ ሚስድ ኮል ንግግር አይደለም ሲሉ ወሰኑ። የናትየው ስልክ ላይ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ እሳቸውን አይመለከታቸውም።

በቀኑ አቶ ታረቀ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተበላሸ የበር መቀርቀሪያ የሚጠግኑ መሰሉ። መቀርቀሪያው አልተበላሸም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ የጥላነሽ ስልክ ጮኸ፤ ጥላነሽ ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ «ተይ!» ብለው አስደነገጧቸው። ጥሪው ተቋረጠ። አቶ ታረቀ ሰዓታቸውን አይተው ጻፉ። አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ቆይቶ ስልኩ ዳግመኛ ጮኸ፤ አንዷለም ሞሪሸስ አረፈ።

አቶ ታረቀ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው። መሪጌታ አልዋሹም ማለት ነው፤ ሕጉም ተጠበቀ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፤ ግን ሰውየው መሸነፍ አልለመዱም። «የነገውን እናያለን» አሉ።

በነጋታው ጥሪው የመጣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አቶ ታረቀ መቀርቀሪያውን ረስተውት ገና ከመነሻው ስልኩ አጠገብ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ሆነ፤ ስልኩ ዝም። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ «ይኸው! አላልኩም?» አሉ፣ አቶ አወቀ ልክ መሆናቸው ነው። ደቂቃዎቹ ግን አልቆሙም። አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ተነሱ። ከአርባ ላይ ግቢውን ዞሩት። አውቶቡስ ሲዘገይ ጎማ ይፈነዳል፣ ውሃ ያፈላል፤ ወርዶ መንገድ ዳር ይቆማል። ይኸ የት ይወርዳል? ከአርባ አምስት ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቅዱስ ማርቆስን እየተማጸኑ ነበር።

ወይዘሮ ጥላነሽ በሩ ላይ ቆመው አዩዋቸው። «አንተ፣ ለማን ልጅ ነው እንዲህ የምትንቆራጠጠው?»

«ለሰው ልጅ ነዋ!» ብለው ጮሁ አቶ ታረቀ። ድምፃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው።

ስልኩ በአርባ ስድስተኛው ደቂቃ ጮኸ። አቶ ታረቀ የፈሩት ልጁ እንዳይወድቅ እንጂ ሰዓቱ እንዳያልፍ አልነበረም፤ ይህንም እዚያው ላይ አወቁት። ደንብ ባይኖር ኖሮ ስልኩን አንስተው «ተመስገን፣ ልጄ» ሊሉት ቃጥቷቸው ነበር። ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ሰገነት ስትደውል ለምን እንደተለያየ ነገረቻቸው። ንፋስ ነው። በዚያ ባሕር ላይ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ይነፍሳል፤ ወደ ሮድሪገስ የሚሄደው አውሮፕላን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ከሮድሪገስ ወደ ሞሪሸስ የሚመለሰውን ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል። ሁለቱም ሽማግሌዎች እውነት ነበራቸው፤ አንዱ የነገሩት የመምጫውን፣ ሌላው የመሄጃውን ነው። ሐሰቱ በመሃል ተቆርጦ ሁሉም የተስማማበት ሰዓት ብቻ ነበር።

አቶ ታረቀ ወረቀታቸውን ይዘው ጓሮ ሄዱና እስኪመሽ ከጌሾው ሥር ተቀመጡ። እሳቸው ተነስተው ልጃቸው ዘንድ ልድረስ ቢሉ ሃያ አራት ሰዓቱ በአሥራ ስድስት ደቂቃ ያልፋል። የአሥራ ስድስቱን ደቂቃ ማለፍ ደግሞ በየትኛውም «መናኸሪያ መንገድ አይደለም» ማስተካከል አልቻሉም። ሞክረዋል።

በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። በዚህ መሃል ወይዘሮ ጥላነሽ የተረፈችውን የአንድ ሰዓት ተኩል ነገር ለአቶ ዘመነ ሚስት ገበያ ላይ ሹክ ብለው ነበርና፣ ሦስቱም አንድ ቃል ሆነው ነው የመጡት። ቆሙ። አቶ ታረቀ ጠየቁ።

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ መሪጌታ።

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ አቶ አወቀ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ምንም ሳይጎድል፣ ምንም ሳይተርፍ» አሉ አቶ ዘመነ።

«ይኸ አውሮፕላን የበረረው ሰዓት አይደለም» አሉ አቶ ታረቀ። «ይኸ ሽማግሌ የቆረጠው ሰዓት ነው። እኔ ለክቼዋለሁ። መሄጃው አንድ ሰዓት ከአርባ ስድስት ነው።»

የሦስቱም ትከሻ አንድ ላይ ወረደ። አቶ አወቀ እውነቱን አውቀው ስለካዱ ላብ አጠመቃቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጥ አድርገው «እንግዲህ እምቢ ማለትዎ ነው?» አሉ። ወይዘሮ ጥላነሽ ከጓዳው በር ላይ ብቅ አሉ።

አቶ ታረቀ ሲናገሩ ሽማግሌዎቹን አላዩም።

«እህቴ ስትሞት እናቴ ሰውን ሁሉ የምትጠይቀው ብነሳ ስንት ቀን ይፈጅብኛል እያለች ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የለካሁት እንደዚያው ነው፤ ከእኔ በር እስከ ልጄ በር። ወለተ ሰንበት ግን በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደኛ አልመጣችም። መምጫ አልነበራትም። ያን የጠየቀላት ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።» ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «የሰገነት መምጫዋ አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ነው። ሕጉ ከእሷ በር ይቆጠር። ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መቀመጥ መፈቀዱን መጀመሪያ ያመኑት አቶ ዘመነ ናቸው፤ ጉልበታቸውም ያማቸው ስለነበር ተሽቀዳድመው ተቀመጡ። የወይዘሮ ጥላነሽ እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ምርቃት ሆነ፤ መሪጌታ ሲመርቁ ንፋሱንም አልረሱትም።

ከዚያ ለሰገነት ተደወለላት። ስልኩ ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ ነው ያነሳችው። «አባዬ?» አለች። ከድምፅዋ ከትናንት ጀምሮ እንዳልተኛች ያስታውቃል።

አቶ ታረቀ ያሰቡት ንግግር ነበራቸው፤ ሽማግሌ ፊት የሚያምር፣ መጽሐፍ መጽሐፍ የሚሸት። አንዱም ቃል አልመጣላቸውም።

«ብያለሁ» አሏት። «እሺ ብያለሁ። ብቻ ቶሎ ቶሎ ነይ፣ ልጄ።»